እህቴ ለንደን ወረፋ ላይ፣ እኔ ቨርጂኒያ ዕዳ ላይ፦ የቱ አገር ህክምና ይሻላል?

ሹፌሩ_ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የቤተሰብ ጭቅጭቅ ይዤ መጥቻለሁ፣ ዳኙን።

ባለፈው መጋቢት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሆዴን ቆርጦ ያዘኝ። የበላሁት ጥብስ ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ። ሊነጋጋ ሲል ቀጥ ብዬ መቆም ሲያቅተኝ ባለቤቴ እየነዳች ኢመርጀንሲ ወሰደችኝ። (አምቡላንስ እንዳትጠሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።) ትርፍ አንጀት ነበር። ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ ከሰዓት ሳይደርስ ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ህክምናው እንከን አይወጣለትም።

ከዚያ ደብዳቤ መዝነብ ጀመረ። የሆስፒታሉ ዋጋ 38,640 ዶላር። ኢንሹራንሴ «እኛ የተስማማንበት ዋጋ 11,400 ነው» አለ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው አልኩ። ዝቅ ብዬ ሳነብ የእኔ ድርሻ 9,060 ይላል። ሥራዬ ኡበር ነው፤ ኢንሹራንሱን የገዛሁት ከኦባማኬር (መንግሥት ከሚደጉመው የኢንሹራንስ ገበያ) ነው፣ ብሮንዝ የሚባለውን ርካሹን። በወር 96 ዶላር ብቻ ስከፍል ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪሴ የሚወጣው) 7,500 መሆኑን ያኔ ማን አየው? ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ማደንዘዣ የሰጠኝ ሐኪም «ከኔትዎርክ ውጭ ነኝ» (ከኢንሹራንስህ ጋር ውል የለኝም ማለቱ ነው) ብሎ ለብቻው 1,140 ላከ። ሰውዬውን መልኩን እንኳ አላውቀውም። «ከአሥር ወደ ታች ቁጠር» ሲለኝ ሰባት ላይ ተኝቻለሁ።

ይህን ለንደን ላለችው ታላቅ እህቴ ስነግራት ሳቀች። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት የለም፣ ታክመህ ትወጣለህ» አለችኝ። እሺ ብዬ የጉልበቷን ነገር ጠየቅኳት። ዝም አለች። ጉልበቷ እንዲቀየርላት ስትጠብቅ 14 ወር ሆኗታል። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ቆሞ መዋል ስላቃታት የሥራ ሰዓቷን በግማሽ ቀንሳለች። ታዲያ ያ ገንዘብ አይደለም? አልኳት። ተኳረፍን።

እናታችን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ናት። ግፊት አለባት፣ የጤና መድን ካርድም አላት። ካርዱ እያለ እኔ በየወሩ የመድኃኒት እልካለሁ፤ ምክንያቱም «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ትባላለች።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። መንግሥት ሲከፍል ይሻላል ወይስ ሰው ለራሱ?

ነፃገበያ_ዳላስ

እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ነገር ግን ራስህ መልሰኸዋል። አንተ ከሰዓት ሳይደርስ ኦፕራሲዮን ሆነህ፣ እህትህ 14 ወር። የቱን ትመርጣለህ?

የእኔ ባለቤት ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው እሑድ ነበር። ሰኞ ደወለች፣ ሐሙስ ናሙና ተወሰደላት፣ በሳምንቱ ውጤት። ተመስገን ምንም አልነበረም። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው እኛ ነን የምናውቀው፤ ያንን በወር ማባዛት አልፈልግም። ሌላው ደግሞ፣ «ነፃ» የሚባል ህክምና የለም። እንግሊዝም ጀርመንም ከደመወዝህ ይቆርጡሃል። እኛ ቁርጡን እናውቀዋለን፣ እነሱ ታክስ ውስጥ ይደብቁታል። ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ኢንሹራንስ ያዝ፤ አለቀ።

ቢሊንግ_ሜሪላንድ

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። ክርክሩ ይቆየንና መጀመሪያ ይህን ወንድም እናትርፈው።

ሹፌሩ፣ ምንም አትክፈል ገና። ክሬዲት ካርድ ላይ ደግሞ በፍጹም እንዳታደርገው፤ አንዴ ካርድ ላይ ከገባ የሆስፒታል ዕዳ መሆኑ ቀርቶ የባንክ ዕዳ ይሆናል። ዝርዝር ሂሳቡን ጠይቅ፣ መስመር በመስመር። አንድ ጊዜ የተሰጠ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያውም በተደጋጋሚ።

ከዚያ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆኑን እይ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ የፌዴራል ግብር አይከፍሉም። ለዚያ ውለታ ሕጉ የገንዘብ እርዳታ ደንብ በጽሑፍ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ከሆስፒታል ከወጣህ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከደረሰህ ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችላለህ። ኢንሹራንስ ስላለህ አይመለከተኝም አትበል፤ በብዙ ቦታ ይመለከትሃል። ስንት ልጅ አለህ?

ማደንዘዣውን በተመለከተ፣ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ድንገተኛ ህክምና ላይ ከኔትዎርክ ውጭ የሆነ ሐኪም በኔትዎርክ ውስጥ ካለው በላይ ሊያስከፍልህ አይችልም። ሕግ ነው። መጀመሪያ ለኢንሹራንስህ ደውል፣ የተነጋገርከውን ሰው ስምና ሰዓት ጻፍ፣ የጥሪውን ቁጥር ያዝ።

ነፃገበያ፣ ወንድሜ፣ እንኳን ባለቤትህ ደህና ሆነች። «ጥሩ ሥራ ያዝ» የምትለው ግን ቴክሳስ ላይ ቁጭ ብለህ ነው። ከሁሉም ስቴት ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚበዛው የት እንደሆነ ታውቃለህ።

ነርስ_በርሚንግሃም

ለእህትህ ያለኝን ቶሎ ልበል፣ ፈረቃ ልገባ ነው።

ጂፒዋ (የሰፈር ሐኪሟ) ስፔሻሊስት ዘንድ ሲልካት ሆስፒታሉን የመምረጥ መብት ነበራት፤ ብዙ ሰው አይነገረውም፣ ወይም በቸኮለ ንግግር መሀል ያልፈዋል። አሁንም አልረፈደም። እንግሊዝ ውስጥ ደንቡ ከሪፈር እስከ ህክምና 18 ሳምንት ነው። ያንን ካለፈች ሌላ ቶሎ የሚቀበል ቦታ እንዲፈለግላት መጠየቅ ትችላለች። ከኤን ኤች ኤስ (ከመንግሥት የጤና አገልግሎት) ጋር ውል ያላቸው የግል ሆስፒታሎች ጉልበትና ዳሌ በብዛት ይሠራሉ፤ ሂሳቡን ኤን ኤች ኤስ ይከፍላል፣ እሷ አምስት ሳንቲም አታወጣም። ቀጠሮ ክፍል ደውላ «አዛውሩኝ» ትበል። በትህትና፣ ግን ደጋግማ።

18 ሳምንቱ የቀልድ ሆኗል፣ አልዋሽም። ኢላማው በፈረንጆቹ ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ ተመትቶ አያውቅም፤ እንግሊዝ ብቻ ወረፋው ላይ ያለው ጉዳይ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ነው። ኮሪደር ላይ አልጋ ዘርግተን ሰው የምናስታምምበት ሌሊት አለ። ባለፈው ክረምት አንዲት የ80 ዓመት እናት ከግድግዳው መብራት ዓይናቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው «ይቅርታ፣ መንገድ ዘጋሁባችሁ» ሲሉኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ግን ዘጠኝ ዓመት ስሠራ አንድ ሰው «ይሄ ምርመራ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አዲስ አበባ ስሠራ በቀን አሥር ጊዜ እጠየቅ ነበር። አባት ልጁን ታቅፎ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት አይደለም፣ ካሸሯን ነው።

ጉዱ_ካሳሁን

አምቡላንስ እንዳትጠሪ 😂😂 እኔ ሲያትል ወድቄ እግሬን ስሰብር «ኡበር ጥሩልኝ» ያልኩት ትዝ አለኝ። ሹፌሩ ሐበሻ ነበር፤ ሒሳብ አልቀበልም ብሎኝ ተጣላን።

ነፃገበያ_ዳላስ

ነርስ፣ አክብሮቴ ይድረስሽ። ግን ልብ በይ፦ ከወረፋው ያወጣሽው መንገድ የግል ሆስፒታል ነው። ራስሽ መሰከርሽ!

ነርስ_በርሚንግሃም

ሃሃ፣ ያዝከኝ አልልም። የሚያክመው የግል ነው፤ የሚከፍለው ማን ነው? ጂፒዎቻችን ራሳቸው አብዛኞቹ የመንግሥት ተቀጣሪ አይደሉም፣ ውል ይዘው የሚሠሩ ናቸው። ከ1948 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ያኔ የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ሆስፒታሎቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ መንግሥት ሲያዞር ሐኪሞቹ አሻፈረን አሉ፤ አግባብቶ ነው ያስገባቸው። ራሱ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር፣ እሱም በልጅነቱ ጉድጓድ ወርዷል። ለጥርስና ለመነጽር ሕዝቡ የተወሰነ ይክፈል ሲባል በ1951 ከሥልጣኑ ለቀቀ። ለመነጽር ብሎ! ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የሐኪም ትእዛዝ ለሚከፍል ሰው አንዱ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ ግን በነፃ።

«ነፃ» በሚለው ቃል ግን ከነፃገበያ ጋር ነኝ። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ልጅ የጤና ክፍያ ተብሎ በዓመት ይከፍላል፤ ለአዋቂ ሠራተኛ 1,035 ፓውንድ ነው፣ ለተማሪ ትንሽ ይቀንሳል። አስቀድሞ፣ ለቪዛው ዓመታት በሙሉ በአንዴ። ከዚያ እዚህ መጥቶ ሲሠራ ደግሞ ታክስ ይቆረጥበታል። ሁለቴ።

ካሰ_ፍራንክፈርት

ሁለታችሁም ሁለት ዓይነት ብቻ ያለ ታስመስሉታላችሁ። ጀርመን መንግሥት ሆስፒታል ልያዝ አላለም፣ ገበያውንም አልተወው። የያኔው ቻንስለር ቢስማርክ በ1883 የሠራተኞች የህክምና መድን ሕግ አወጣ፤ ለድሃ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፣ ሠራተኛው ወደ ሶሻሊስቶቹ እንዳይኮበልልበት ነው። ሐሳቡ ግን አንድ መቶ አርባ ዓመት አለፈው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከደመወዜ 14.6 በመቶ፣ ላዩ ላይ የካሰዬ (የመድን ድርጅቴ) ጭማሪ፤ ግማሹን አሠሪዬ ይችለኛል። ካሰ የሚባሉት ወደ መቶ ገደማ ናቸው፣ መንግሥት አይደሉም፣ አትራፊ ኩባንያም አይደሉም። እኔ ብቻ ነኝ የምሠራው፤ ሚስቴና ሦስቱ ልጆቼ በእኔ ስም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማሉ። ሹፌሩን ያገኘው ትርፍ አንጀት እዚህ ቢያገኘው ለአልጋ በቀን 10 ዩሮ ነበር የሚከፍለው፣ እሱም በዓመት ከ28 ቀን አያልፍም። እንዳደረገው በማግስቱ ቢወጣ፣ የገባበትም የወጣበትም ቀን ተቆጥሮ ሃያ ዩሮ።

ቅሬታ? ሞልቶናል። ቆዳ ሐኪም ስትደውል ከሰላምታ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ካሰ ነዎት ወይስ ፕሪቫት (የግል መድን)?» ነው። «ካሰ» ካልክ ቀጠሮህ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያውም የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አይነግሩህም። ከሕዝቡ አሥር በመቶ አካባቢ ፕሪቫት ነው፤ ደመወዙ ከተወሰነ ጣራ በላይ የሆነ፣ በግል የሚሠራ፣ የመንግሥት ሹም። አንድ የማውቀው ሐበሻ በ30 ዓመቱ ርካሽ ነው ብሎ ፕሪቫት ገባ። አሁን ዕድሜው ገፍቶ ክፍያው ሽቅብ ወጣበት፤ ከ55 በኋላ ደግሞ ወደ ካሰ መመለስ ከሞላ ጎደል አይቻልም። ገብርኤልን ነው የሚጠራው።

ኪርያት_ጋት_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእስራኤል ነኝ፣ በፈረንጆቹ 1991 በሕፃንነቴ የመጣሁ።

እዚህ ከ1995 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) በአንዱ ይመዘገባል፦ ክላሊት፣ ማካቢ፣ ሜኡሄዴት፣ ሌኡሚት። ታማሚ ነህ፣ ሽማግሌ ነህ ብለው ሊመልሱህ አይችሉም። ገንዘቡን የሚሰበስበው ብሔራዊ መድን ነው፣ ለኩፓው የሚደርሰውም በአባላቱ ቁጥርና ዕድሜ ተመዝኖ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ አባል ኪሳራ አይሆንባቸውም። ይህቺን ነገር ሰው አያስተውላትም እንጂ ዋናዋ እሷ ናት። አሜሪካ ለብዙ ዘመን ኢንሹራንሶች በሽተኛን የሚሸሹት ያ ስላልነበረ ነው፣ አይደለም?

ችግራችን ሌላ ነው። ሆስፒታል ለመሄድ ጦፌስ 17 ያስፈልጋል፤ ኩፓው እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠው ወረቀት። አያቴ በሕይወት እያለች እኔ በ12 ዓመቴ አስተርጓሚዋ ነበርኩ። ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ «ልቤን ያመኛል» ትላለች፣ ሐዘኗን መናገሯ ነው። እኔ ቃል በቃል ስተረጉም የልብ ምርመራ አዘዙላት። ሁለት ጊዜ። ኋላ እንደ እኛ ያሉ፣ ሐኪሙንና ታማሚውን በቋንቋ የሚያገናኙ ባለሙያዎች ክሊኒክ ውስጥ ሲቀጠሩ ነገሩ ተቃለለ። ገንዘቡ ቢሟላም አፍ ካልገጠመ ህክምናው ግማሽ ነው። ደግሞ ቴል አቪቭና እኛ ጋ ያለው የስፔሻሊስት ብዛት አንድ አይደለም፤ ሕጉ አንድ ነው፣ አውቶቡሱ ግን ሩቅ ነው።

ዱባይ_ሰላም

እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ሕጉ ኢንሹራንስ አሠሪ ይግዛ ይላል፣ ከደመወዝሽ አይቆረጥም ይላል። ማዳሜ ገዝታልኛለች፣ ካርድ አለኝ። ክሊኒክ ስሄድ ከሂሳቡ የተወሰነ በመቶ እኔ እከፍላለሁ። ጥርሴን ሲያመኝ ግን ካርዱ አልሠራም፤ በኪሴ አስነቀልኩት። መሙላቱ ውድ ነው፣ መንቀሉ ርካሽ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ኢንሹራንሱ ከቪዛው ጋር የታሰረ ነው። ከማዳም ጋር ከተጣላሁ ሥራውም ቤቱም ህክምናውም በአንድ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ታምሜም አልጣላም።

ቢሊንግ_ሜሪላንድ

ሰላምዬ፣ አይዞሽ። የጻፍሽው አሜሪካንም ይመለከታል። እዚህ ኢንሹራንስ ከሥራ ጋር የተጣበቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። መንግሥት የደመወዝ ጭማሪ ሲያግድ ድርጅቶች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፈንታ ኢንሹራንስ መስጠት ጀመሩ፣ በኋላም ከግብር ነፃ ሆነ። ማንም ቁጭ ብሎ አስቦ ያወጣው ሥርዓት አይደለም።

«አሜሪካ የግል ነው» ሲባልም ይገርመኛል። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሜዲኬር 65 ዓመት የሞላውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ይይዛል፣ ሜዲኬይድ ድሃውን። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ደግሞ ሕንፃውም ሐኪሙም የመንግሥት ነው፣ ከበርሚንግሃሟ ነርስ ቤት አይለይም። ጠቅላላው ወጪ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ ከ17 በመቶ በላይ ነው፤ እንግሊዝ 11 አካባቢ። ልዩነቱ የት እንደሚሄድ ከፈለጋችሁ የእኔን መሥሪያ ቤት ኑና እዩ፦ አንድ ወለል ሙሉ ሰው ተቀምጦ ከኢንሹራንሶች ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። በኢንሹራንሱም በኩል እኛን ለመከራከር ሌላ ወለል ሙሉ ሰው ተቀምጧል። እኔም ደመወዜን የማገኘው ከዚያ ነው እንግዲህ።

ነፃገበያ_ዳላስ

ይህን ሁሉ አውጥተንም አዲስ መድኃኒት ከየት ነው የሚወጣው? እኛ ውድ ስለምንከፍል ነው ሌላው ዓለም በርካሽ የሚገዛው። እሱንም ጻፉት።

ቢሊንግ_ሜሪላንድ

እውነትነት አለው፣ አልክድም። ግን ኢንሱሊን መቶ ዓመት ያለፈው መድኃኒት ነው። ያገኙት ሰዎች የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ነው የለቀቁት። ሜዲኬር ላይ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ የተደረገው ገና በ2023 ነው። በእሱ መሀል ያለው ምርምር የት ነው?

ነፃገበያ_ዳላስ

እሺ፣ ኢንሱሊን ላይ ተረታሁ። ኢንሱሊን ላይ ብቻ!

መድን_ጎጃም

ጤና ይስጥልን። እኔ ወረዳ ላይ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው የምሠራ። የሹፌሩ እናት ጉዳይ ስለነካኝ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ እናትህ ካርዳቸው ይታደስ፤ በየዓመቱ ነው። እኛ ዘንድ መዋጮ የምንሰበስበው አዝመራ ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲኖር፣ ጥርና የካቲት ነው። ያኔ ያላሳደሰ በነሐሴ ሲታመም ካርዱ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ ሪፈር ካልያዙ ሆስፒታል በቀጥታ ቢሄዱ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጣላን።

«አልቋል» የሚለው ነገር እውነት ነው፤ እኛም እናፍርበታለን። መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት የሚከፈል ትንሽ ብር ነው፣ የድሃ ድሃ የተባለውን ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። መድኃኒቱ ግን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ካርዱ ቃል ይገባል፣ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ «የለም» የሚል ማኅተም ያስመቱና ይያዙ፤ ውል ያለው ሌላ የመንግሥት ፋርማሲ ካለ በእሱ ይስተናገዳሉ። ከሌለ እንዳንተ ያለ ልጅ ያስፈልጋል፤ ምን ልበልህ።

ግን ከየት እንደመጣን አስቡ። ሙከራው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ነው። ከዚያ በፊት ገበሬው ሲታመም በሬውን ነበር የሚሸጥ። አሁን አንድ አባወራ ሚስቱ በጽኑ ታማ ሪፈር ብትባል በሬው በረት ውስጥ ያድራል። (ወሊድማ ድሮም በነፃ ነው፣ ክትባቱም፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም።) መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን አንሸፍንም። የእንግሊዙ ሚኒስትር በዚያ ምክንያት ለቀቀ የሚለውን ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው ሳቁ።

ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ ነበር፤ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ። ለዓመታት ሲገፋ ቆየ፤ ሠራተኛው «ከዚህች ደመወዝ ላይ ሌላ ቁርጥ?» አለ። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ አልፈርድበትም። ጎረቤቶቼን የሚመዘግብ እኔ፣ ራሴ ስታመም በኪሴ ነው።

ጉዱ_ካሳሁን

እኛ ሐበሾች ለቀብር በእድር ስንዋጣ ስንት ዘመናችን! ድንኳኑ አለ፣ ብረት ድስቱ አለ፣ ለለቅሶው ንፍሮ አለ። ሰውዬው ገና ትንፋሹ ሳይወጣ ግን «ጎፈንድሚ ላኩልኝ» ነው። ስልኬ ላይ በዚህ ወር ብቻ አራት ሊንክ አለ። ሦስቱ ኩላሊት።

ካሰ_ፍራንክፈርት

@ጉዱ_ካሳሁን ይሄ ከቀልድህ ሁሉ የበለጠው ነው። እድር ማለት እኮ ካሰ ነው። የጀርመኑም የተነሳው ከሙያ ማኅበራት የመረዳጃ ሣጥን ነው። ቢስማርክ ግዴታ አደረገው፣ አሠሪውን ጨመረበት። የእኛ እድር ከመቃብር ወደ አልጋው ትንሽ ቢጠጋ ምን ነበር?

የመድረኩ_አስተዳዳሪ

ስለ ፓርቲ የተጻፉ ሁለት አስተያየቶች ተነስተዋል። ሹፌሩ የጠየቀው ስለ ህክምና ነው፣ በዚያው እንቀጥል።

ሹፌሩ_ቨርጂኒያ

ወገኖቼ ሁለት ወር ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ውጤቱን ልንገራችሁ።

ዝርዝር ሂሳቡን ጠየቅኩ፣ 14 ገጽ መጣ። አንድ የማቅለሽለሽ መርፌ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ ተሰረዘ፣ ዋጋውን ብነግራችሁ ያቅለሸልሻችኋል። የእርዳታ ማመልከቻውን ከግብር ወረቀቴ ጋር አስገባሁ (ሦስት ልጆች፣ ባለቤቴ ግማሽ ቀን)። ከስድስት ሳምንት በኋላ 60 በመቶ ተነሳልኝ። የቀረው 3,624 ነው፤ በወር 151 ዶላር ለሁለት ዓመት፣ ያለ ወለድ። ቢሊንግ እህቴ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ይህን ደንብ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሰው አልነገረኝም፤ ከቢሉ ጀርባ በጉንዳን ፊደል ተጽፎ ነበር።

የማደንዘዣው ነገር ገና ነው። ኢንሹራንሱ «በኔትዎርክ ዋጋ ነው የምናይህ» ብሎኛል፣ የሐኪሙ ድርጅት ደግሞ ደብዳቤ መላኩን አላቆመም። ስሞታ አስገብቻለሁ።

እህቴን ነገርኳት፣ ደወለች፣ የእሷን እሷው ትንገራችሁ። ይሄውና ገብታለች።

የሹፌሩ_እህት_ለንደን

በሰው ፊት ጉልበቴን ያወጣው ልጅ እህት ነኝ። መጀመሪያ ላርመው፦ አልሳቅኩበትም። ደንግጬ ነው የሳቅኩት።

ነርሷ እንዳለችው ደወልኩ። የመጀመሪያዋ ልጅ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለችኝ። በማግስቱ ስደውል ሌላዋ «አለ» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣልኝ፤ ከእኔ ሁለት ባቡር ርቆ ያለ የግል ሆስፒታል፣ ሂሳቡ በኤን ኤች ኤስ። ቀኑ ከዛሬ አምስት ሳምንት በኋላ ነው። ቅድመ ምርመራ ስሄድ መቀበያው ላይ አበባ በብርጭቆ ተቀምጧል፣ ቡና ይጋብዛሉ። የተሳሳተ ቤት የገባሁ መስሎኝ ወረቀቴን ሁለቴ አየሁ። የሚሠራልኝ ሐኪም ግን ማክሰኞና ሐሙስ እኔ 14 ወር ወረፋ የጠበቅሁበት የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ ነው! ስጠይቀው ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ለነፃገበያ፦ በእነዚያ ወራት ያጣሁትን ደመወዝ አስልቼዋለሁ። ከወንድሜ 3,624 ዶላር ይበልጣል። ስለዚህ ዝም ብዬ ነፃ ነው አልልም ከእንግዲህ። ግን ቢል በፖስታ መጥቶ እንቅልፌን አልነሳኝም፣ እሱንም ልትሰማኝ ይገባል።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚያስታምመኝ ስለሌለ እማዬን በጎብኚ ቪዛ ላመጣት ነው። ግፊቷን እዚሁ ባሳያትስ?

ነርስ_በርሚንግሃም

እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ! ግን ተጠንቀቂ። ለጎብኚ ኢመርጀንሲ ክፍል መታየቱና ጂፒ ማየቱ አያስከፍልም፤ አልጋ ይዘው ከተኙ ወይም ስፔሻሊስት ዘንድ ከተላኩ ግን ሙሉ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አንድ ተኩል እጥፉን ያስከፍላሉ። ከመነሳታቸው በፊት የጉዞ ኢንሹራንስ ግዢላቸው፣ ግፊት እንዳለባቸው ሳትደብቂ አስመዝግቢ። ከደበቅሽ ኋላ አንከፍልም ይላሉ። የሦስት ወር መድኃኒታቸውንም ከነማዘዣው ይዘው ይምጡ።

መድን_ጎጃም

የሦስት ወሩን መድኃኒት እኛ ጋ ለማግኘት ከአሁኑ ይጀምሩ። ደግሞ ጥር ላይ እዚያ ከሆኑ ካርዱን የሚያሳድስላቸው ሰው ይወክሉ።

ሹፌሩ_ቨርጂኒያ

ኢንሹራንሷን እኔ እገዛለሁ። ዲዳክቲብሉን በደንብ አንብቤ።